ፊርማው ፎቅ ላይ ነው

አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሦስት ወር ተመላልሰዋል። የሚፈልጉት ለጡረታ የሚሆን አንድ ገጽ የአገልግሎት ማስረጃ ነው። «ደብዳቤው ተጽፏል ልጄ፤ የጠፋው የሚፈርመው ነው» አሉኝ። ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ሁሉንም ፊርማ ወደ ላይ የሚሰድደው የዕዝ ሥርዓታችን ከጦር ሰፈር የወጣ ነው። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ይሰለፉ ነበር፤ ደጃዝማች የንጉሡን ድንኳን ደጅ ይይዝ ነበር። ማዕረጉ ራሱ ባለማዕረጉ የሚቆምበትን ቦታ ይናገራል። የሚገባውን የሚያስገባ፣ የማይገባውን የሚመልስ አጋፋሪ ነበር፤ ባለጉዳይ ደጅ ይጠና ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰጡ፤ አዲሱ ሹመት በነባሩ ማዕረግ ላይ ተደረበ። ጦር ሜዳ ላይ ትእዛዝ ከአንድ አፍ መውጣቱ ሕይወት ያድናል። የጡረታ ወረቀት ግን ጦር ሜዳ አይደለም።

በእኛ ዘመንም የተቀያየረው ስሙ ብቻ ነው፤ በቢፒአር (በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) ዘመን የመምሪያ ኃላፊው የሥራ ሂደት ባለቤት ተባለ፣ ቀጥሎ ዳይሬክተር፣ አሁን ደግሞ ሥራ አስፈፃሚ። ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የጨረሱ አንድ ሰው ይህን ሁሉ አይተዋል። «በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ሲቀየር አይቻለሁ፤ ፊርማው ግን ከዚያ ክፍል አንድም ቀን አልወጣም» ይላሉ። «ማመልከቻው ከላይ ለምክትሉ ይመራል፣ እሳቸው ለሥራ አስፈፃሚው፣ ከዚያ ለቡድን መሪው፣ ከዚያ ለባለሙያዋ። እሷ በአሥር ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ከዚያ በወረደበት ደረጃ መልሶ ይወጣል።» ለምን እሷው አትፈርምም? «ከወሰነች የምትጠየቀው እሷ ናት። ወደ ላይ ከላከችው ማንም አይጠይቃትም። እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር?»

ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ ኃላፊ በስልክ አነሳሁ። «በመዋቅር የተሰጠ ሥልጣን ነው፤ አስተያየት የለኝም» ብለው ዘጉት።

ሕጉ ዝም አላለም። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት ውሳኔያቸውን በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጡ ያስገድዳል። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የተበታተኑ መስኮቶችን ማሰባሰቡ መልካም ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሠራተኛ መወሰን ካልቻለች ግን ወረፋው ቦታ ቀየረ እንጂ አላጠረም። እናቲቱ ፊርማው እስኪገኝ የቤት ኪራይ የሚከፍሉት በብድር ነው።

ይህን የምታነቡ ኃላፊዎች፣ የማስረጃ ደብዳቤ ፊርማን ለባለሙያዎቻችሁ አውርዱላቸው። ሌላ የመዋቅር ጥናት አያስፈልገውም፤ አንድ የውክልና ደብዳቤ ይበቃዋል።