ያደረ ጥብስ ሳይደርቅ እንዴት እንደሚሞቅ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ሥጋ በየቀኑ ከገበታ የሚቀርብ ምግብ አይደለም። ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ በቅርጫ ያርዳል፤ ለሠርግም ይደገሳል። ስለዚህ ሥጋ በሚገኝበት ዕለት ብዙ ይጠበሳል፤ የተጠበሰውም ሁሉ በዚያው ቀን አያልቅም። በዚህ ላይ ጾም አለ። ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በስተቀር ማክሰኞ ማታ የተረፈ ጥብስ ረቡዕ ስለማይበላ እስከ ሐሙስ ይቆያል። በዐቢይ ጾም ቅበላ የተረፈው ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ይጠብቃል።

ፍሪጅና ፍሪዘር ባላቸው ቤቶች፣ ምግብ ቤቶችና ማኅበራት ይህ ትርፍ ሊቀመጥ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው በማሞቅ ጊዜ ነው። አንዳንዱ ሰው እንዳይደርቅበት ብሎ ለብ ሲል ብቻ ያወጣዋል፤ ይህ ለሆድ ሕመም ይዳርጋል። ሌላው ሕመሙን ፈርቶ በደረቅ ምጣድ ላይ እስኪጠቁር ያገላብጠዋል፤ ሥጋው እንደ ጠፍር ይጠነክርና ልጆችና ሽማግሌዎች ማኘክ ያቅታቸዋል። በውድ የተገዛ ሥጋ በሁለቱም መንገድ ይባክናል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ጤንነቱንም ልስላሴውንም የሚጠብቅ አንድ ዘዴ መኖሩን ነው። ይኸውም ያደረውን ጥብስ በደረቅ እሳት ሳይሆን በእንፋሎት ማሞቅ ነው።

ሥጋ ስለ ምን ይደርቃል?

ከጥሬ ቀይ ሥጋ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ውሃ ነው። ሥጋው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ጭረቶቹ ይኮማተሩና ውሃውን እንደሚጨመቅ ጨርቅ ያስወጡታል። የመጀመሪያው ጥብሳት ከዚህ ውሃ ከፊሉን ወስዷል። ሁለተኛው እሳት ደረቅ ከሆነ የቀረውንም ይጨርሰዋል።

መቀዝቀዙም የራሱ ጉዳት አለው። በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ በዝግታ ሲረጋ ትላልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠሩና ጭረቶቹን ይቀድዳሉ፤ በረዶው ሲሟሟ ውሃው ተንጠባጥቦ ይወጣል። በፍጥነት ሲረጋ ግን ቅንጣቶቹ ትናንሽ ስለሚሆኑ ጉዳቱ ይቀንሳል። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድስአይ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ምግብን በፍጥነት የማርጋት ሥራን ያስፋፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ፋብሪካ ባይኖረንም ሥጋውን ስስ አድርገን በመጠቅለል ቶሎ እንዲረጋ ማድረግ እንችላለን።

የሥጋው ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ጅማት የበዛበት የጎድንና የቅልጥም ሥጋ በእርጥበት ቀስ ብሎ ሲሞቅ ጅማቱ ይቀልጣል፤ ሥጋውም ይለሰልሳል። ስብ የሌለው ዝልዝል ግን ቶሎ ስለሚደርቅ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

አቀማመጥ

ጥሩ አሟሟቅ የሚጀምረው ከጥሩ አቀማመጥ ነው።

1. የተረፈው ጥብስ ከእሳት ከወጣ ጀምሮ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር ውስጥ መግባት አለበት። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ ከእሳት ይተርፍና ድስቱ ውስጥ ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝ ሥጋ ላይ ይራባል። እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉት ደግሞ በማሞቅ የማይጠፋ መርዝ ይተዋሉ። ስለዚህ ውጭ ያደረን ሥጋ ማሞቅ ጤነኛ አያደርገውም።

2. ለአንድ ገበታ የሚበቃውን መጠን ለየብቻ በንጹሕ ላስቲክ ጠፍጠፍ አድርጎ መጠቅለል፤ አየሩን ጨምቆ ማስወጣት፤ የወጣውን መረቅና ስብ አብሮ ማስገባት። ሳይሸፈን የቀረ ሥጋ ፍሪዘር ውስጥም ቢሆን ላዩ ይደርቃል። ቀኑን ጽፎ መለጠፍ አይረሳ።

3. ከ5 ዲግሪ በታች ባለ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ የማክሰኞው ለሐሙስ ይደርሳል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕሙን ስለሚይዝ የቅበላው ለፋሲካ ይደርሳል።

4. መብራት ሲጠፋ በሩን አለመክፈት። ሳይከፈት ከቆየ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት፣ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ቆይቶ የሟሟና የሞቀ ሥጋ ይጣላል፤ ተመልሶ አይረጋም።

5. ፍሪጅ በሌለበት ቤት የደጋው ብርድ ማቀዝቀዣ ይሆናል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል። በዚህ ቤት የሚጠበሰው በዕለቱ የሚበላው ብቻ ይሁን። ቀሪው ገና ጥሬ ሳለ ተዘልዝሎ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ነፋስ በሚያገኝና ዝንብ በማይደርስበት ቦታ ተሰቅሎ ቋንጣ ይደረግ።

አሟሟቅ

1. የረጋውን ጥብስ ከመሞቁ በፊት በነበረው ሌሊት ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ማውረድ። ጊዜ ካጠረ እንደታሸገ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍና ውሃውን በየ30 ደቂቃው መለወጥ፤ እንደሟሟም ወዲያው ማሞቅ። ጠረጴዛ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ ማሟሟት ላዩን ያሞቀዋል፤ ውስጡ ግን በረዶ እንደሆነ ይቀራል። ሲሟሟ የወጣው ፈሳሽ አይደፋም፤ ወደ ድስቱ ይገባል።

2. ሥጋውን እንደገና አለመክተፍ። የተቆረጠ ጎን በበዛ ቁጥር ውሃ የሚወጣበት በር ይበዛል።

3. ለ1 ኪሎ ሥጋ ከ2 እስከ 3 የቡና ስኒ ውሃ ወይም መረቅ በድስት አፍልቶ ሥጋውን መጨመርና መክደን። ሸክላ ድስት ሙቀቱን እኩል ስለሚያዳርስ ይመረጣል።

4. እሳቱን ዝግ ማድረግ። ለትናንሽ ቁርጥራጭ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ አጥንት ላለው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። በመካከሉ አንድ ጊዜ ማገላበጥ፤ ውሃው ካለቀ ትንሽ የፈላ ውሃ መጨመር።

5. ትልቁን ቁራጭ ቆርጦ መካከሉን ማየት። እንፋሎት ካወጣና ከውስጥ በሚገባ ከጋለ ደርሷል። መለኪያ ያለው ሰው መካከሉ 74 ዲግሪ መድረሱን ያረጋግጥ።

6. በመጨረሻ ክዳኑን አንሥቶ ንጥር ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል መጨመርና ለ2 ደቂቃ ያህል ብቻ እሳቱን ከፍ አድርጎ ማመስ። የጥብስ ሽታና ወዙ የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ቅመሙ ያደረ ስብ የሚያመጣውንም ሽታ ይሸፍናል።

7. አንድ ጊዜ የሞቀ ጥብስ ተመልሶ ወደ ፍሪዘር አይገባም። የሚወጣው ለአንድ ገበታ የሚበቃው ብቻ ይሁን።

የጎድን ጥብስ ለማሞቅ ለድፎ ዳቦ በሚያገለግለው ኮባ ቅጠል መጠቅለልም ይቻላል። ጥቂት ውሃ ረጭቶ መጠቅለል፣ ዝግ ባለ እሳት በተጣደ ምጣድ ላይ ማስቀመጥና አክንባሎ መድፋት ነው። እንፋሎቱ ታፍኖ ስለሚቀር ሥጋው አይደርቅም። የመብሰሉ ምርመራ ግን ከላይ እንደተገለጸው መደረግ አለበት።

ስለ ከፍታ

ውሃ በደጋ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ይህ ዘዴ ይሠራ እንደሆነ ሊጠየቅ ይችላል። መካነ ኢየሱስ ባለችበት ወደ 2,400 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በ3,000 ሜትር በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱም ከ74 ዲግሪ በላይ ስለሆኑ እንፋሎቱ በቂ ነው። ወሳኙ ሙቀቱ እስከ ሥጋው መካከል መድረሱ ነው።

ለአባላት ማሳየት

ይህን በቃል ከመናገር በተግባር ማሳየት ይሻላል። ከአንድ ድስት የተረፈን፣ በፍሪጅ የተቀመጠን ጥብስ በሚዛን እኩል ለሁለት መክፈል። ግማሹን በደረቅ ምጣድ፣ ግማሹን በክዳንና በውሃ ማሞቅ፤ ሁለቱም መካከላቸው እኩል መጋሉን ማረጋገጥ። ከዚያም ሥጋውን ከመረቁ ለይቶ መመዘንና አባላቱ እንዲቀምሱት ማድረግ። የክብደቱ ልዩነት ከሥጋው የወጣው ውሃ ነው። ምጣዱ ላይ ተኖ የጠፋው ተመልሶ አይገኝም፤ ድስቱ ውስጥ የወጣው ግን መረቅ ሆኖ ለእንጀራው ይተርፋል።

ማጠቃለያ

ቶሎ ማቀዝቀዝ፣ ስስ አድርጎ ማሸግ፣ በእንፋሎት እስከ መካከሉ ማጋል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ማሞቅ፤ እነዚህ አራቱ ከተጠበቁ ያደረው ጥብስ ሳይደርቅ ይበላል። ሽታው የተለወጠ፣ ያዝለገለገ ወይም ስንት ሰዓት ውጭ እንደቆየ የማይታወቅ ሥጋ ግን፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ይጣል እንጂ ለቤተሰብ አይቅረብ።