የደም ፕሮቲን ምርመራ የምግብ ቧንቧ ካንሰርን ክብደት ለመመዘን ያግዛል

በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሕሙማንን አዳማን ወደመሰሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሆስፒታሎች የሚያደርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ መዋጥ ካቃታቸው በኋላ ነው። እስከዚያው ከእንጀራ ወደ አጥሚት፣ ከአጥሚት ወደ ውኃ እየወረዱ ወራት ያልፋሉ።

በዚህ ወቅት ጉበት የሚያመርታቸው ሁለት የደም ፕሮቲኖች የሕመሙን ክብደት ይጠቁማሉ። አልቡሚን በምግብ እጥረትና በብግነት ሳቢያ ይቀንሳል፤ በዴሲ ሊትር ከ3 ነጥብ 5 ግራም በታች ሲወርድ ያሳስባል። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በአንጻሩ ብግነቱ በበረታ ቁጥር ይጨምራል። አንዱ ወርዶ ሌላው መውጣቱ ሕመምተኛው ቀዶ ሕክምናን የመቋቋም አቅሙ መዳከሙን ያመለክታል።

ይሁንና የሳንባ ነቀርሳም ተመሳሳይ ለውጥ ስለሚያስከትል የደም ውጤት ብቻውን ካንሰርን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው በኢንዶስኮፒ የሚወሰድ ናሙና ሲሆን፣ የደም ምርመራው አስቀድሞ በምግብ መጠናከር ያለበትን ሕመምተኛ ለመለየት ይጠቅማል።