በጉና ደጋ የማኅፀን ቆጠራ፤ ስለ ወር አበባ፣ ስለ አራስነትና ልጅን አራርቆ ስለ መውለድ

ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ የሚታየው የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከዚህ ደጋ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በዙሪያውም በፋርጣ፣ በጋይንትና በእስቴ የሚኖረው ሕዝብ ገብስና ድንች እያመረተ በግ እያረባ ይኖራል። ይህ ሕዝብ ቀንን የሚቆጥረው በበዓላት ነው፤ ይኸውም ወር በገባ በ12 ማለትን ትቶ ሚካኤል፣ በ21 ማለትን ትቶ ማርያም፣ በ27 ማለትን ትቶ መድኃኔዓለም ይላል። እንደዚሁም የሴት ልጅ ሰውነት የራሱ ቆጠራ እንዳለው ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ስለ ደሟ፣ ስለ እርግዝናዋና ስለ አራስነቷም የተወሰነ ቀን ሠርቶላታል። የልማዱ ቆጠራና የሰውነት ቆጠራ በብዙ ነገር ይስማማሉ፤ በአንዳንዱ ግን ይለያያሉ። በሚለያዩበትም ጊዜ ዕዳውን የምትከፍለው ሴቲቱ በጤንነቷና በሕይወቷ ስለ ሆነ ነገሩን ለይቶ መመርመር ይገባል።

አስቀድሞ ቃላቱን መመልከት ይጠቅማል። በየወሩ የሚመጣው ደም በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ትክቶ ወይም ልማደ አንስት ይባላል፤ በአገር ቤት ግዳጅ ሲባል፣ ዛሬ ግን በከተማም በገጠርም የተለመደው ስሙ የወር አበባ ነው። ግዳጅ የሚለው ቃል የማይቀር ዕዳን ያስታውሳል፤ አበባ የሚለው ደግሞ ወደፊት የሚጠበቅ ፍሬን ያመለክታል። የዚህ ሁለተኛ ስም ምሥጢር ኋላ ይታያል።

ማኅፀን ውስጡ ባዶ የሆነ ጡንቻ ሲሆን ያላረገዘች ሴት ማኅፀን መጠኑ ከተጨበጠ የእጅ መዳፍ አይበልጥም። በግራና በቀኝ እንቁላል የሚያፈልቁ ሁለት ዕጢዎች አሉ፤ ከነርሱም አጠገብ እንቁላሉን ተቀብለው ወደ ማኅፀን የሚያደርሱ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይገኛሉ። በየወሩ ከሁለቱ ዕጢዎች ከአንደኛው አንድ እንቁላል ይለቀቃል። ማኅፀንም ፅንስ ይመጣል ብሎ እንደሚጠብቅ ሁሉ ውስጠኛውን ግድግዳ በደም ሥር አደልቦ ያዘጋጃል፤ ፅንስ ሳይመጣ ሲቀር የተዘጋጀው ሽፋን ይፈርስና ከደም ጋር ይወርዳል። እንግዲህ የወር ደም የበሽታ ምልክት ወይም የሰውነት ቆሻሻ ሳይሆን፣ ያልተያዘ መኝታ ተነሥቶ ሌላ እንዲነጠፍ የሚደረግበት ሥራ ነው።

ከአንዱ ደም መጀመሪያ እስከሚቀጥለው ደም መጀመሪያ ያለው ጊዜ በአማካይ 28 ቀን ይሆናል፤ ነገር ግን ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ የጤነኛ ሴት ልክ ነው። በአገሩ አቆጣጠር ምሳሌ ቢሰጥ፣ ዙሯ 28 ቀን የሆነ አንዲት ሴት ደሟ በሚካኤል ዕለት በ12 ቢጀምር፣ ከጳጉሜን በቀር የኢትዮጵያ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለ ሆነ፣ የሚቀጥለው በሌላው ወር በመስቀል ዕለት በ10 ይመጣል። እንቁላል የሚለቀቀው ከሚቀጥለው ደም 14 ቀን ያህል አስቀድሞ ነው፤ ይኸውም በ26 መሆኑ ነው። እንቁላሉ ከተለቀቀ በኋላ የሚኖረው ከአንድ ቀን አይበልጥም፤ የወንድ ዘር ግን በሴቲቱ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ይህች ሴት ልትፀንስ የምትችለው ከማርያም እስከ መድኃኔዓለም፣ ማለት ከ21 እስከ 27 ባሉት ቀኖች ነው። ብዙ ሰዎች ግን ማኅፀን የሚከፈተው ደሙ በቆመ ማግሥት ነው ብለው ያምናሉ፤ በዚህም ምክንያት ልጅ የምትሻውም የማትሻውም ሴት ቆጠራው ይሳሳትባታል። ዙሩ በሕመም፣ በድካምና በምግብ እጥረት ስለሚዛባም በቀን ቆጠራ ብቻ መተማመን ለብዙዎች አይበቃም።

አሁን ወደ አራስ ቤት እንግባ። ምጥ በመጣ ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ ማርያም ማርያም እያለ ይለምናል፤ በሰላም በተገላገለችም ጊዜ እልል ተብሎ ገንፎ ይገነፋል፣ ጠያቂውም ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ እናቲቱም እስከዚያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ርቃ ትቆያለች። የዚህ ቆጠራ ምንጩ ኦሪት ዘሌዋውያን ሲሆን፣ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀን ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ ከሚለው ታሪክ ጋር ያያይዘዋል። የሰውነትን ቆጠራ ብንመለከት ማኅፀን ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለሰው በ6 ሳምንት ያህል ነው። እንግዲህ አራሷ ከእርሻና ከውሃ መቅዳት ተለይታ፣ ከባሏም መኝታ ርቃ፣ ገንፎና አጥሚት እየተመገበች የምትቆይበት የ40 ቀን ዕረፍት ከሐኪም ምክር ጋር የሚስማማ ነው። ሆኖም የተወለደው ወንድም ሆነ ሴት ለማኅፀን ልዩነት የለውም፤ የልጁም ጾታ የሚወሰነው በአባት ዘር እንጂ በእናት አይደለም። ሴት ብቻ ትወልዳለች ተብላ የምትነቀፍ ሚስት ያለ ጥፋቷ ትነቀፋለች።

ከአራስነት ቀጥሎ ያለው የጡት ዘመን ነው። በደጋው አገር ልጅ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠባል፤ ይህም ልማድ ምንም መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ልጅን ከልጅ ያራርቅ ነበር። ምክንያቱም ልጅ ጡት አዘውትሮ ሲጠባ የእናቲቱ እንቁላል እንዳይለቀቅ የሚያግድ ኀይል በሰውነቷ ይሠራል። ነገር ግን ይህ መከላከያ የሚታመነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ብቻ ነው፤ ልጁ 6 ወር ያልሞላው፣ ሌሊትና ቀን ከጡት በቀር ሌላ የማይቀምስ፣ የእናቲቱም ደም ገና ያልተመለሰ እንደ ሆነ። እዚህ ላይ አንዱ ልማድ ሌላውን ያፈርሰዋል፤ አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማላስና የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን፣ አልቦ መድፋት በብዙ ቤት የኖረ ነገር ነውና። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያ ክትባቱ እንደ ሆነ ዛሬ በሚገባ ታውቋል።

የልማዱና የሰውነቱ ቆጠራ እጅግ የሚራራቁት ግን በልጅነት ጋብቻ ላይ ነው። በዚህ አገር ሴት ልጅ ደሟን ሳታይ ወይም ባየች ማግሥት መዳር ለብዙ ትውልድ የኖረ ልማድ ነው፤ ወላጆች ልጃቸውን ከነውር የሚያድኑ፣ ዝምድናንም የሚያጸኑ መስሏቸው ያደርጉታል። የሙሽራው ወገን እስክትደርስ ድረስ አትነካም ብሎ የሚምልበት ጊዜም አለ፤ ደረሰች የሚባለው ግን ደም ባየች ጊዜ ነው። ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ደም የወር ዙር መጀመሩን ይናገራል እንጂ የዳሌ አጥንት ለመውለድ መስፋቱን አይናገርም፤ ዳሌ ከዚያ በኋላ ገና ለዓመታት ያድጋል። ባልሰፋ ዳሌ የገባ የሕፃን ራስ ምጡን ለቀናት ያስረዝመዋል፤ በራሱና በአጥንቱ መካከል የተጨፈለቀው ሥጋ ይሞትና ይበሳል፣ ሽንትም ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። ይህም ፌስቱላ የሚባለው ነው። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ እናቲቱም ከባልና ከጎረቤት ተለይታ ትቀራለች። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የከፈቱት የፌስቱላ ሆስፒታል ለእነዚህ ሴቶች የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በባሕር ዳር ቅርንጫፉ ተከፍቷል።

ሕጉም ቀስ በቀስ ወደ ሰውነት ቆጠራ ቀርቧል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግና በኋላም የአማራ ክልል የ1995 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም ጾታ 18 አድርገውታል።

ልጅን አራርቆ የመውለድ ትምህርትም በአገራችን ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሠረተ፤ የሕዝብ ፖሊሲ በ1985 ዓ.ም. ወጣ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመድበው አገልግሎቱን ለገጠሯ ሴት አቀረቡላት። ክኒን በየቀኑ ይዋጣል፤ መርፌ በየ3 ወሩ ይወጋል፤ ከክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሠራል፤ ከመዳብ የተሠራው ሉፕ በማኅፀን ውስጥ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በተለይ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያግዳሉ፣ የማኅፀኑንም በር ፈሳሽ ያወፍራሉ፤ መዳቡ ደግሞ የወንዱን ዘር ያዳክማል። መድኃኒቱ ማኅፀን ያደርቃል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። መርፌውን ካቆመች በኋላ መፀነስ ለጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ የሌሎቹ ግን ቶሎ ይመለሳል። በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአማካይ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 6 ይጠጋ ነበር፤ በ2016 ግን 3.7 ሆኖ ተገኝቷል፤ በዚያው ዓመት ከባለ ትዳር ሴቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር።

ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚለው አባባል በመንደሩ ሁሉ ይነገራል፤ እናት ግን በዕድሏ ብቻ አትድንም። የጉና ገበሬ ገብሱ አበበ ብሎ ማጭድ አያነሣም፤ ፍሬው እስኪጠና ይጠብቃል። የደጋው ሰው የሴት ልጁን ደም አበባ ብሎ ሲጠራ ይህንኑ ዕውቀት በቃሉ ውስጥ አኑሮታል፤ የቀረው ለገብሱ የሚያደርገውን ትዕግሥት ለልጁም ማድረግ ነው።