«አለቀ»፣ «አበቃ»፣ «ተጠናቀቀ»፦ ተመሳሳይ የሚባሉ ግሶች በዕለት ተዕለት ንግግር

አጎቴ ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ተሽሏቸው ሊወጡ በነበረበት ቀን ከአክስቴ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ አንዲት ነርስ ብቅ አለችና «የእሳቸው ቤተ ሰቦች እናንተ ናችሁ? አልቆላቸዋል» አለችን። አክስቴ «ወየው!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ነርሷ ክው ብላ፣ «ኧረ እማማ፣ ወረቀታቸው ነው ያለቀላቸው! ይዛችኋቸው መሄድ ትችላላችሁ» አለች።

ያን ጊዜ ሳቅን፤ ውሎ አድሮ ግን ነገሩ ያሳስበኝ ጀመር። ነርሷ አልተሳሳተችም፤ አክስቴም አልተሳሳቱም። ሁለቱም የተናገሩትና የሰሙት ትክክለኛ አማርኛ ነው። ታዲያ ስሕተቱ የት ላይ ነበር? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መነሻ በማድረግ የአንድን ነገር ፍጻሜ የሚገልጹ ግሶቻችን በመዝገበ ቃላት አንዱ በሌላው ቢፈቱም በንግግር ውስጥ እንደማይተካኩ ማሳየት ነው።

1. «አለቀ»፦ እየጎደለ የሚሄድ ነገር

«አለቀ» ከግእዙ «ኀልቀ» ጋር አንድ ዘር ነው። የግእዙ ግስ ማለቅንም መጥፋትንም ይገልጻል። የአማርኛውም እማሬያዊ ፍቺ ከዚህ አልራቀም፤ የነበረ፣ የሚቆጠር ወይም የሚሰፈር ነገር እየጎደለ ሄዶ ባዶ መቅረቱን ያመለክታል። ስኳር ያልቃል፤ ደመወዝ ያልቃል፤ የጫማ ሶል ያልቃል። በዚሁ መንገድ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰውን ክፉ ቀን ስናነሣ «ከብቱ አለቀ»፣ የ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎን ረሀብ ስናነሣ «ሕዝብ አለቀ» እንላለን። ብዙ የነበረው ተመናምኗልና ነው። አንድ ሰው ሲሞት ግን «አለቀ» አይባልም፤ ሞተ፣ አረፈ፣ ዐለፈ እንጂ። አንድ ሰው ብቻውን «አለቀ» ከተባለ በሕይወት እያለ በሕመም ወይም በሐሳብ መክሳቱን መናገራችን ነው።

«አለቀ» ተሳቢ አይወስድም። «ሥራው አለቀ» ይባላል፤ ያለቀውን ነገር ተሳቢ አድርገን ሠሪውን መጥቀስ ስንፈልግ ግን ሌላ ግስ ተውሰን «ሥራውን ጨረሰ» እንላለን። ሁለቱ ግሶች እንደ ባልና ሚስት የአንድን ቤት ሥራ ተካፍለው ይዘዋል።

2. «አለቀለት» እና «አለቀበት»

የአክስቴ ድንጋጤ የመጣው ከግሱ ሳይሆን ከግሱ ጋር ከተጣበቀው ምዕላድ ነው። በአማርኛ «-ለት» ብዙውን ጊዜ ለባለቤቱ የሚጠቅመውን፣ «-በት» ደግሞ የሚጎዳውን ያመለክታል፤ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» እንደሚለያዩት ማለት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት «ገንዘብ አለቀበት» ጉዳት፣ «ጉዳዩ አለቀለት» ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ያለቀው ነገር ሳይጠራ «አለቀለት» ብቻ ሲባል ሕጉ ይገለበጣል፤ ሰውየው ራሱ ተስፋው እንደ ተቆረጠ ይሰማል። ነርሷ «ወረቀታቸው» የሚለውን በልቧ ይዛ ዝም አለች፤ አክስቴ ያንን ባዶ ቦታ በፍርሃታቸው ሞሉት። በሌላ በኩል «ያለቀለት ዕቃ» ስንል ምንም የማይቀረው፣ የተዋጣለት ማለታችን ነው። አንድ ቃል ሞትንም ምስጋናንም ይሸከማል፤ ሚዛኑን የሚይዘው ዐውዱ ነው።

የሽምግልና ቋንቋም ይህን ያስረዳል። ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ተነሥተው «ነገሩ አልቋል» ካሉ ዕርቅ ወርዷል። «ነገሩ አብቅቶለታል» ካሉ ግን ቤቱ ፈርሷል።

3. «አበቃ»፦ ልኩ ላይ መቆም

«አበቃ» የወጣው «በቃ» ከሚለው ነው። ስለዚህ በውስጡ ባዶነት ሳይሆን ልክ አለ፤ አንድ ነገር እስከ ድንበሩ ደርሶ ይቆማል። ክረምቱ ያበቃል፤ መንገዱ ያበቃል፤ ተናጋሪ «ንግግሬን እዚህ ላይ አበቃለሁ» ይላል። ሌላው መልኩ ደግሞ «ለዚህ ያበቃን አምላክ ይመስገን» ስንል የምንሰማው ነው፤ እዚያ ላይ «አበቃ» ማድረስ፣ የተገባ ማድረግ ነው። መድረስና መቆም በአንድ ግስ ውስጥ ያደሩት ሁለቱም ልክን ስለሚነኩ ይመስለኛል።

4. ከእጅ ሥራ የመጡ ግሶች

አንዳንዶቹ ግሶች ፍካሬያዊ ፍቺ ከመያዛቸው በፊት የእጅ ሥራ ስሞች ነበሩ። ጋቢ ወይም ነጠላ ተሠርቶ ሲወርድ ከጫፉ የሚቀሩት ክሮች እንዳይተረተሩ ይጠመዘዛሉ፤ ይህ «መቋጨት» ነው። ስለዚህ «ወጉን ቋጨው» የሚል ሰው ጫፉ እንዳይፈታ አድርጎ አሰረው ማለቱ ነው። «ደመደመ» የግድግዳውን ድምድማት ያስታውሳል፤ ከእሱ በላይ ሌላ ረድፍ አይደረብም። «ተሟጠጠ» ከዕቃው ሥር የቀረችው ጠብታ እንኳ መንጠፍጠፏን፣ «ነጠፈ» ደግሞ የላም ወተት ወይም ምንጭ መድረቁን ያመለክታል። «ተፈጸመ» የብራና ጸሐፊዎች ቃል ነው፤ የመጽሐፉን መጨረሻ በእሱ ያሳርጉ ነበር። ከእነዚህ መካከል አንዱን ከቦታው አንሥተን ሌላውን ብንተካ የሚጠፋው ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሥዕሉም ነው።

«አከተመ» ከእነዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ ዳግም የማይመለስን ነገር ይሻል። «የዘውዱ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. አከተመ» ቢባል ያምራል፤ «ሽሮው አከተመ» ያለ ግን ይቀልዳል።

5. ሁሉን የሚውጠው «ተጠናቀቀ»

ዛሬ በዜናና በተማሪዎቼ ጽሑፍ ውስጥ ከእነዚህ ሁሉ የሚበዛው «ተጠናቀቀ» ነው። ስብሰባው፣ ግድቡ፣ ውድድሩ፣ ግጭቱ ሁሉ ይጠናቀቃል። ቃሉ ከ«ጥንቃቄ» እና ከ«ጥንቅቅ» ጋር ዘመድ ነው፤ ምንም ሳይጎድል፣ ተሟልቶ መፈጸምን ይናገራል። ለግንባታና ለትምህርት ዘመን የተገባ ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪዬ በድርሰቱ «ፍቅራቸው ተጠናቀቀ» ብሎ ጽፎ አይቻለሁ። ሊል የፈለገው ተለያዩ ነበር፤ የጻፈው ግን ፍቅራቸው ጉድለት አጣ የሚል ነው። «ቀዘቀዘ»፣ «አለቀ»፣ «አበቃ» ከሚሉት አንዱን ቢመርጥ ኖሮ እያንዳንዱ የተለየ ታሪክ በነገረን ነበር።

የመዝገበ ቃላት ሊቆቻችን ውለታ ብዙ ነው፤ ሆኖም አንዱን ግስ በሌላው መፍታት የዝምድና ማስረጃ እንጂ የመተካካት ፈቃድ አይደለም። ስለሆነም ተማሪዎቼን ግስ ከመምረጣቸው በፊት ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቁ እመክራለሁ፦ ፍጻሜ ያገኘው ምንድን ነው? ጎድሎ ነው፣ ሞልቶ ነው ወይስ ልኩ ላይ ደርሶ?

አጎቴ ከዚያ በኋላ ለዓመታት «እኔ እኮ ያለቀልኝ ሰው ነኝ» እያሉ ሲያስቁን ኖሩ። በመጨረሻ ጊዜያቸው ሲደርስ ግን ከመካከላችን «አለቁ» ያለ አልነበረም። «አረፉ» ነው ያልነው። ማንም ሳይመክረን ሁላችንም ያንን ቃል መረጥን።

ጉዳዩ ገና ስላላለቀ፣ ጽሑፌም ስላልተጠናቀቀ፣ እዚህ ላይ አበቃለሁ።