«ኤል 4» አልገባ ሲል

ክረምት ላይ ልጆች ይዛችሁ ወደ አያት ቤት ስትሄዱ መኪናው ጭቃ ቢይዘውና ጉልበት የሚሰጠው ዝግተኛው ማርሽ፣ «ኤል 4»፣ አልገባ ቢል የግድ ብልሽት አይደለም። በአምቡላንስ ዘመኔ ደም የሚፈሳት ወላድ ጭነን ሾፌሩ ማንሻውን በችኮላ ሲታገል አይቻለሁ። ጉልበት የማርሽ ጥርስ ያረግፋል እንጂ አያስገባም።

በአሮጌው ባለ ፍሪሲዮን ላንድክሩዘር መኪናው ፈጽሞ ይቁም፣ ፍሪሲዮኑም እስከ ታች ይረገጥ። አሁንም እምቢ ካለ ጥርሶቹ አልተገጣጠሙ ይሆናል፤ ማንሻውን ወደ «ኤች 4» መልሶ፣ ጎማው ጥቂት እንዲዞር አድርጎ፣ አቁሞ እንደገና መሞከር ነው። ገብቶም የፊት ጎማ ካልዞረ፣ በሁለቱም የፊት ጎማዎች መሐል ያለውን መቆለፊያ «ሎክ» ላይ አዙሩት (ጭቃው ውስጥ ሳትገቡ ብታደርጉት ጫማችሁም ይተርፋል)። በወር 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከአስፋልት ውጭ በፎር ዊል ካልተነዳ ደግሞ ለፊት ክፍሉ ዘይት በደንብ አይዳረስም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጆቹ ወርደው ከመኪናው ፊትና ኋላ ይራቁ።