ሳይጠመቁ መዳን ይቻላል?

«ልጄ ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ?» አራስ ቤት ውስጥ ይህ ሐሳብ ያልመጣባት እናት ጥቂት ናት። መልሱ እንደ ቤተ ክርስቲያንዎ ይለያያል።

ክርክሩ የሚነሳው ከሁለት ቦታ ነው። በዮሐንስ ምዕራፍ 3 ጌታ ለኒቆዲሞስ ሰው ከውኃና ከመንፈስ መወለድ እንዳለበት ይነግረዋል። በሉቃስ ምዕራፍ 23 ደግሞ አብሮት የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማን (የቀኙ ወንበዴ) የምንለው፣ ሳይጠመቅ ገነት ገባ።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጥምቀት ለመዳን ያስፈልጋል። ምሥጢር ነው፤ ማለትም በሚታየው ውኃ የማይታይ ጸጋ ይገኛል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ሕፃኑ አፍ ስላልፈታ የክርስትና አባቱ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዱለታል፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው ያምኑለታል። ለሴት ልጅ ይህን የምታደርገው የክርስትና እናቷ ናት። ከዚያ ቄሱ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ሜሮን (የተባረከ ዘይት) ይቀቡታል፤ ማዕተብ ያስሩለታል። በዚያው ዕለት ይቆርባል።

ቀኑ ሳይደርስ ቢታመምስ? የሚያሰጋ ከሆነ 40 ወይም 80 ቀን አይጠበቅም፤ ካህን ይጠራል። በካቶሊክ ደግሞ፣ ካህን ከጠፋ አዋላጇም ብትሆን ውኃ አፍስሳ በሥላሴ ስም ልታጠምቅ ትችላለች። ለመጠመቅ እየተማረ የሞተ ሰውም ምኞቱ ይቆጠርለታል። ሐሳቡ የቆየ ነው። በ392 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወጣቱ የሮም ንጉሥ ዳግማዊ ቫለንቲኒያን ሳይጠመቅ ሲሞት፣ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ እኅቶቹን ያጽናናው በዚሁ ሐሳብ ነበር።

የሙሉ ወንጌልና የቃለ ሕይወት አብያተ ክርስቲያናት መዳን በእምነት ነው፣ ጥምቀት የዚያ ምስክር ነው ይላሉ። ስለዚህ የሚጠመቀው አምኖ የተማረ ሰው ነው። መካነ ኢየሱስ ግን ሉተራዊት ስለሆነች ሕፃናትንም ታጠምቃለች። ሁሉንም «ጴንጤ» ብሎ የሚጠቀልል ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል።

ታዲያ ወንበዴው ሳይጠመቅ ከዳነ እኔስ ጥምቀቱን ብተወው? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 በቆርኔሌዎስ ቤት መንፈስ ቅዱስ ከውኃው ቀድሞ ወረደ። ጴጥሮስ ግን ይበቃል አላለም፤ ይጠመቁ ብሎ አዘዘ። በእኔ ግምት ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ውኃ ያላገኘ ሰውና ውኃው ዳር ቆሞ እምቢ ያለ ሰው አንድ አይደሉም።

የጥር 11ዱ መረጨትስ? እሱ የጌታ ጥምቀት መታሰቢያና በረከት ነው። ጥምቀት አንዴ ነው፤ አይደገምም።

ወጪውስ? ጸጋው አይሸጥም፤ ኪስ የሚያራቁተው ድግሱ ነው። ድግሱን ቢተዉት ደግሞ ቄሱ አላጠምቅም አይሉዎትም። ብዙዎች የማያስቡት ግን ዝምድናው ነው። የክርስትና አባት የሆኑት ሰው ልጆች ከተጠመቀው ልጅ ጋር እንደ ወንድምና እኅት ስለሚቆጠሩ አይጋቡም። የክርስትና አባት ሲመርጡ ይህን ከወዲሁ ያስቡበት።