አዲስ መስፈሪያ ሲመጣ የሚሰፈረው ልጁ ብቻ እንዳይሆን

የገጠሩ ሕዝብ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ከጉልበቱ ቀንሶ፣ ከጎተራው ቆጥቦ መሆኑ የታወቀ ነው። በደቡብ ወሎ ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከኩታበርና ከደሴ ዙሪያ የሚመጡ ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በደሴና በኮምቦልቻ ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከቤታቸው እያመላለሱ ይማራሉ። እንጀራው፣ ቆሎው፣ በሶውና ሽሮው ሁሉ ከዚያው ከአባት ማሳ የሚወጣ ነው። ስለዚህም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር ከልጁ ጋር አብሮ የሚመዘነው የወላጆቹ የ12 ዓመት ድካም ነው።

ይህ ፈተና ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሰጣጡም፣ በማለፊያ ነጥቡም ተለውጧል። ለውጡ ገና በሙከራ ላይ ሳለም ልዩ ልዩ የማቅለያ እርምጃዎች ተወስደዋል። የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ለውጡ ለምን እንደመጣ፣ ማቅለያውም ምን ያህል እንደሚያስኬድ ካላወቁ፣ ልጁ ወድቆ የተመለሰባቸው አባት ሲጠይቋቸው የሚሰጡት መልስ አይኖራቸውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማብራራት ነው።

መለኪያው ለምን ተለወጠ?

ቀደም ባሉት ዓመታት ተማሪዎች አገር አቀፉን ፈተና የሚፈተኑት በሚማሩበት ትምህርት ቤት ወይም በአቅራቢያቸው ነበር። ይህ አሠራር ለተማሪው የሚመች ቢሆንም ለኩረጃና ለስርቆት በር ከፍቶ ቆይቷል። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ እንደገና እንዲሰጥ መደረጉ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ችግር እየተደጋገመ በመሄዱ፣ ጎበዙን ተማሪ ከሰነፉ፣ ያስተማረውን ትምህርት ቤት ካላስተማረው መለየት አዳጋች ሆነ።

በዚህ ምክንያት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ጀምሮ ተማሪዎች ከየወረዳቸው ተጓጉዘው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደሩ እንዲፈተኑ ተወሰነ። በደቡብ ወሎም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞችን ተቀበለ። ከዚህም ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ቢያንስ ከመቶ 50 ማምጣት ግዴታ ሆነ። ፈተናው የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነበር።

ውጤቱ አገሩን ሁሉ አስደነገጠ። ውጤታቸው ከታወቀው 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይህም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በተከታዩ የ2015 ዓ.ም. ፈተና ያለፉት 27,267 ወይም ከመቶ 3.2 ሲሆኑ፣ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ደረሱ። በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 አለፉ። ቁጥሩ ከፍ እያለ ቢሄድም፣ ከ100 ተፈታኞች ውስጥ ከ90 በላይ የሚሆኑት አሁንም ከመስመሩ በታች እንደቀሩ ልብ ማለት ይገባል።

በጦርነት ማግስት የተቀመጠ ልጅ

ለደሴና ለኮምቦልቻ አካባቢ ተማሪዎች ነገሩ ከዚህም የከበደ ነበር። የ2013 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በአብዛኛው አገር የተሰጠው በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ፣ ከተሞቹ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው ነበር። ነዋሪው ተሰደደ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ንብረቱ ተዘረፈ። ሁለቱ ከተሞች የተለቀቁት በኅዳር ወር መጨረሻ ነው።

ስለሆነም በጦርነቱ አካባቢ የነበሩ ተማሪዎች ከሌሎቹ ጋር ሊፈተኑ አልቻሉም። ከወራት በኋላ ሁለተኛ ዙር ተዘጋጅቶላቸው ተፈተኑ። ቀኑን ማራዘም ራሱ አንድ ማቅለያ ነበር። ነገር ግን ደብተሩ የጠፋበት፣ ቤተሰቡ የተበተነበት፣ መምህሩም ገና ወደ ሥራው ያልተመለሰለት ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሌላው እኩል ይዘጋጃል ማለት አስቸጋሪ ነው። ማሳው በውርጭ የተመታ ገበሬ መዝሪያው ጊዜ ስለተራዘመለት ብቻ የጎረቤቱን ያህል ምርት አያገባም፤ ዘርም፣ በሬም፣ ዝናብም ያስፈልገዋል። የእነዚህ ተማሪዎች ታናናሾች ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የተቀመጡት በአዲሱና ጥብቅ በሆነው ፈተና ላይ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም በርካታ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ብዙ ተማሪዎችንም ከፈተና አስቀርቷል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለፈን ተማሪና በሰላም አገር 12 ዓመት የተማረን ተማሪ በአንድ መስፈሪያ ሰፍሮ ልዩነቱን በልጁ ስንፍና ማሳበብ ፍትሕ አይሆንም።

ምን ማቅለያ ተደረገ?

የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት እንደታወቀ ትልቅ ችግር ተደቅኖ ነበር። ቀድሞ በዓመት ከ100 ሺህ በላይ አዲስ ተማሪ ይቀበሉ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ያለፈው ከ30 ሺህ በታች ሆነ። ትምህርት ሚኒስቴርም ከመቶ 50 ያላመጡ፣ ግን ለዚሁ ከተወሰነው ዝቅተኛ ነጥብ በላይ ያገኙ ተማሪዎች «ሬሜዲያል» በተባለው የማካካሻ ትምህርት እንዲገቡ ፈቀደ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አራት ወር ያህል እንግሊዝኛና ሒሳብ፣ እንደ መስኩም ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ወይም ጂኦግራፊና ታሪክ ይማራል። በመጨረሻም ከማዕከል በሚመጣ ፈተናና ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሚሰጠው ምዘና ይመዘናል። ከመቶ 50 ካመጣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይሆናል፤ ካላመጣ ይሰናበታል። መመዘኛው በዚህ አልፈረሰም። ልጁ ግን ከመመዘኛው የሚደርስበት ሁለተኛ መንገድ ተከፈተለት።

ከዚህ በፊትም ተመሳሳይ እርምጃዎች ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመጋቢት ወር ሲዘጉ፣ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ያለ ዓመቱ መጨረሻ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተደርጓል። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት እንዲሰጥ ታቅዶ ነበር። መሣሪያው በጊዜው ስላልደረሰ ፈተናው እስከ 2013 ዓ.ም. አጋማሽ ዘግይቶ በወረቀት ተሰጠ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከወረቀቱ ጎን ለጎን ከፊሉ ተማሪ በኮምፒዩተር መፈተን ጀመረ። የመብራት መስመር ካልደረሰበት ቀበሌ የመጣ ልጅ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው በፈተናው ዕለት ከሆነ፣ የሚፈተነው ፊዚክስን ነው ወይስ መሣሪያውን? ይህ ጥያቄ መልስ የሚሻ ነው።

የሌላ አገር ልምድ

አዲስ ፈተና ሲሞከር የቀድሞውን ግዴታ ማላላት የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የጋራ የትምህርት መመዘኛ ከተቀበሉ በኋላ፣ በፈረንጆች 2014 ጸደይ አዲሱን ፈተና በትምህርት ቤቶች ሞክረዋል። በዚያን ጊዜ አንድ ተማሪ በአንድ ዓመት አሮጌውንም አዲሱንም ፈተና እንዳይፈተን የፌዴራሉ መንግሥት ለሚጠይቁ ክፍለ ግዛቶች ፈቃድ ሰጠ። የካሊፎርንያ ክፍለ ግዛት በ2013 ባወጣው ሕግ አብዛኛውን አሮጌ ፈተና አቋርጦ፣ በሙከራው ዓመት የተማሪም ሆነ የትምህርት ቤት ውጤት እንዳይታወጅ አድርጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ዓመት የሚፈተነው ተማሪው ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ነበር።

ይህን አሠራር ገበሬው ከማንም በላይ ያውቀዋል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አዲስ የስንዴ ወይም የማሽላ ዘር ሲያመጣ መጀመሪያ በሠርቶ ማሳያ መደብ ላይ ይዘራል። አልበቅል ቢል ዘሩ አልተስማማም፣ ወቅቱ አልፏል፣ አፈሩ ደክሟል ተብሎ ይመረመራል እንጂ በዚያ ምርት ገበሬው ዕዳ አይከፍልም። ለልጆቻችንም የሚገባው ይኸው ነው። ውጤቱ የልጁን ዕድል ከመወሰኑ በፊት ጥያቄው፣ የአፈታተኑ ዘዴና የትምህርት ቤቱ ዝግጅት መፈተሽ አለባቸው።

ማላላት ብቻውን ግን አያስተምርም

በሌላ በኩል ማቅለያን እንደ ዘላቂ መፍትሔ መያዝ ልጁን መልሶ ይጎዳዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪው በተከታታይ ምዘና እየታየ ሳይወድቅ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፍ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች ማለፉ ብቻ ቀርቶ ምዘናውም እርዳታውም ተረሳ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው አጭር ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ታወቀ። በ12ኛ ክፍል የሚታየው መውደቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የዚያ የንባብ ምዘና ሌላው ጥቅም ማንንም ልጅ አለመጣሉ ነው። በ4ኛና በ8ኛ ክፍል ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በናሙና የሚካሄደው አገር አቀፍ የትምህርት ምዘናም እንዲሁ ነው። እነዚህ የሚመዝኑት ትምህርቱን ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎችና የ12ኛው አገር አቀፍ ፈተና ግን ልጁን ይመዝናሉ። አንድ አዲስ ምዘና ወደ ቀበሌው ትምህርት ቤት ሲመጣ መሪዎች አስቀድመው መጠየቅ ያለባቸው «ይህ የሚመዝነው ማንን ነው? ውጤቱስ ለምን ይውላል?» ብለው ነው።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ

አንደኛ፣ ውጤት ሲመጣ ያለፉትንና የወደቁትን ቆጥሮ መበተን በቂ አይደለም። ርእሰ መምህሩ ውጤቱን በየትምህርቱ ዘርዝረው ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት እንዲያቀርቡ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁሉም ተማሪ በሒሳብ ከወደቀ፣ የጎደለው መምህሩ ወይም መጽሐፉ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ መቅረብ አለበት።

ሁለተኛ፣ በጦርነቱና በትምህርት ቤት መዘጋት የባከነውን ጊዜ ለማካካስ የቅዳሜና የክረምት ተጨማሪ ትምህርት ማዘጋጀት ይገባል። ማኅበሩ ለመምህራን ማረፊያ፣ ለተማሪዎች ማጥኛ ክፍልና መብራት ቢያግዝ ከአራት ወር የሬሜዲያል ትምህርት በፊት የአራት ዓመት ማካካሻ ይሆናል። በአጨዳና በውቂያ ወቅት ፈተና የደረሰበትን ተማሪ ከሥራ ነፃ ማድረግም ለቤተሰቡ ሊመከር የሚገባው ነው።

ሦስተኛ፣ በኮምፒዩተር የሚሰጠውን ፈተና በሚመለከት ተማሪዎች ከፈተናው ቀን ቀደም ብለው በመሣሪያው እንዲለማመዱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎችና የቴክኒክ ኮሌጆች አሉ። ከእነርሱ ጋር ተነጋግሮ የመለማመጃ ቀን ለማግኘት መሞከር ከመሪዎች የሚጠበቅ ነው።

አራተኛ፣ ኩረጃን መሸፈን ለልጅ ማዘን አይደለም። ፈታኝን በመለማመጥ፣ መልስ በማስገባት ልጃቸውን የረዱ የመሰላቸው ወላጆች ነበሩ። ውጤቱ ግን ያልተማረ ልጅ ባለ ሰርተፊኬት ሆኖ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት መመለሱ ነው። በሐቅ ያጠናው የጎረቤት ልጅ ቦታም በዚያው ተነጥቋል። ማቅለያ የሚጠይቅ ሕዝብ እጁ ንጹሕ ሆኖ ሲቀርብ ጥያቄው ይሰማል።

አምስተኛ፣ ከመስመሩ በታች የቀረውን ልጅ አለመጣል ነው። ከ100 ውስጥ ከ90 በላይ የሚወድቁበት ፈተና የወደቀውን ሁሉ የማይረባ አያደርገውም። የደሴው ወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅን የመሰሉ የሙያ ተቋሞች በሩን ይከፍቱለታል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ባለሙያ ትፈልጋለች። ልጁ አፍሮ ወደ ስደት መንገድ ከመውጣቱ በፊት እነዚህን በሮች የሚያሳየው ሰው ያስፈልጋል። ከወሎ ቀዬ ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ወጣት ቁጥር ትንሽ አለመሆኑን መሪዎች ራሳቸው ያውቁታል።

በጠቅላላው ጥብቅ ፈተና ክፉ አይደለም፤ ሐሰተኛውን ውጤት አስወግዶ የትምህርታችንን ትክክለኛ መልክ አሳይቷል። ማቅለያውም ስሕተት አይደለም፤ ያልታሰበበትን ለውጥና የጦርነቱን ጉዳት በልጆች ላይ ብቻ ላለመጫን የሚያስፈልግ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ዋጋ የሚኖራቸው በመካከላቸው ትምህርት ሲኖር ነው። ጥብቅነቱ ያለ ማስተማር ከሆነ ግፍ ነው፤ ማቅለያውም ያለ ማስተማር ከሆነ ማታለል ነው።

«ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ የ12ኛ ክፍልን ችግር የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለጠፍ ለማቃናት መነሣት ዘግይቶ መነሣት ነው። ሥራው የሚጀመረው በቀበሌው የ1ኛ ክፍል ዳስ ውስጥ፣ ልጁ የመጀመሪያዋን ፊደል በሚቆጥርበት ቀን ነው። በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ከማዳበሪያውና ከዘሩ ጉዳይ ቀጥሎ «የእኛ ቀበሌ የ2ኛ ክፍል ልጆች ማንበብ ይችላሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በአጀንዳ ይያዝ። ለዚህ ጥያቄ መልሱን ለማግኘት የመንግሥት ፈተና መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ መጽሐፍና የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይበቃሉ።